የሠላሳ አንድ ሰዓት ቀን

ውዱ ውሸታም ነው ይሉታል፤ የሚሉትም ውሸቱን ሰምተው የማይጠግቡት ሰዎች ናቸው። ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የዩኒቨርሲቲው የማሽላ ምርምር ጣቢያ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ሥራው የማሽላ ቁመት እየለኩ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመው፣ እሱ እንደሚለው፣ አስተማሪው የሚያውቀው ነገር ስላለቀበት ነው።

«አንድ ክረምት ጅጉርቲ ማሽላ ልለካ ብወጣ፣ ወገቡ ላይ ስደርስ ዋጃ ታየችኝ፤ አናቱ ላይ ስደርስ የአላማጣ ገበያተኛ ሲከራከር ሰማሁ፤ ስወርድ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ገብቶ ጠበቀኝ» ብሎ ለእንግዶች ሲያወራ፣ ከዋናው ግቢ የመጣ አንድ ምሁር ማስታወሻው ላይ ጻፈው ይባላል። ይህን የሚለውም ውዱ ራሱ ነው።

ከስድሳዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የነበረው የጣቢያው ኃላፊ ጨዋታ ወዳጅ ስለነበር ነገሩ ሁሉ በሳቅ ያልፍ ነበር። ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ግን እሱ ተነሣና ጓድ ታረቀኝ ተተካ። ታረቀኝ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው። የቆቦ ፀሐይ ገና ከመኪና ሲወርድ የመነጽሩን ክንድ አጣመመችበት። ከልብሱ ይልቅ የወረቀቱ ሣጥን ይከብድ ነበር፤ ሣጥኑን ያወረዱት ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ሐምሌ አምስት ቀን አሥራ አንዱንም ሠራተኞች ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሰብስቦ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጽ አደለ። ከላዩ ላይ «የሠራተኞች የሥራ ጫና ማመጣጠኛ» ይላል።

«ዩኒቨርሲቲያችን» አለ ታረቀኝ፣ «የሠራተኛው ሥራና ዕረፍት እንዲመጣጠን ወስኗል። አንድ ቀን ውሏችሁን ከነሰዓቱ በሐቅ ሙሉ። የበዛበት ይቀነስለታል።»

ዘር አበጣሪዋ ሀጀራ ቅጹን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። «ውዱ፣ እኔ የት እንዳለሁ አሳየኝ እስቲ» አለችው። ማንበብ አትችልም።

«አንቺማ ከሥር ነሽ፣ ሀጁ። ከመስመሩ በታች።»

ሳቁ። ውዱ ግን ያን ቀን ቀልዱን ትቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ጻፈ። ጣቢያ ዘጠኝ ሰዓት። ከጣቢያ በኋላ መሠረተ ትምህርት ማስተማር ሁለት ሰዓት። የውይይት ክበብ ሁለት። የቀበሌ ጥበቃ አራት። ከቤት ጣቢያ በእግር ደርሶ መልስ ሁለት። የራስ እርሻ አራት። ቤት ሁለት። እንቅልፍ ስድስት። ፈረመና ሰጠ።

በማግስቱ ታረቀኝ ቢሮ አስጠራው።

«ጓድ ውዱ፣ አንድ ቀን ስንት ሰዓት ነው?»

«በየት አገር?»

«እዚህ።»

«እዚህማ እንደ ሰዉ ይለያያል።»

«ሠላሳ አንድ ሰዓት ነው የሞላኸው።»

«እኔም ስደምረው ገርሞኛል። በሐቅ ሙሉ ስላሉ ነው እንጂ እኔ ብሆን ኖሮ አሳምሬ ሃያ አራት አደርገው ነበር።»

ታረቀኝ ፈገግ ሊል ሲል ተወው። «ትርፉ ሰባት ሰዓት ከየት መጣ?»

«አንዳንዱን ደርቤ ነው የምሠራው። ጥበቃ ቆሜ እተኛለሁ፤ ክበብ ላይ ተቀምጬም እተኛለሁ። ሳስተምር ግን አልተኛም፣ ተማሪዎቹ ናቸው የሚተኙት።»

ታረቀኝ ቀይ እስክሪብቶ አነሣ። ጣቢያውን አልነካም። መሠረተ ትምህርቱን፣ ክበቡን፣ ጥበቃውን ሊነካ አይችልም፤ እነሱን የሚነካ ሰው ራሱ ይነካል። «የራስ እርሻ» የሚለውን ሰረዘ። «ቤት» የሚለውን ሰረዘ። ሃያ አምስት ቀረ። ከእንቅልፉ አንድ ቆረጠና ከሥሩ «ተመጣጥኗል» ብሎ ጻፈ።

«ጓድ፣ ሚስቴ ሀሊሜ ሐምሌ ሦስት ቀን ነው የወለደች» አለ ውዱ። «አራስ ናት። ቤት የሚለውን ሰርዘው እኔ የት ልግባ?»

«ይህ ቅጽ የሚመለከተው የሥራ ጫናን ነው። ቤት ሥራ አይደለም።»

«ይህን ለሀሊሜ መጥተው ቢነግሩልኝ።»

ታረቀኝ ቅጹን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ውዱ ሲወጣ አልሳቀም፤ ጓደኞቹ ይህን አይተው ታሟል አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሊና ወንዝ በጋውን ሁሉ አሸዋ ነው፤ መኪናም ግመልም በሆዱ ውስጥ ይሄድበታል። ክረምት ላይ ግን ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላው አንድ ጠብታ ሳያይ በወንዙ ይወርዳል። የቆቦ ገበሬ ያንን ጎርፍ በእሾህና በአፈር ጠልፎ ማሳው ላይ ይለቀዋል። አንድ ጊዜ በደንብ የጠጣ ማሽላ እስከ አጨዳ ሌላ አይለምንም። ጎርፉ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያዝዘው በገበሬው የተመረጠ የውሃ አባት ነው። የእነ ውዱ የውሃ አባት ሸህ ሙሀመድሰይድ ናቸው። ሕጋቸው አጭር ናት፤ ጎርፉ ሲመጣ ባለ ተራው አካፋውን ይዞ ቦዩ አፍ ላይ ከቆመ ውሃው የእሱ ነው። ካልቆመ ተራው ለከርሞ ይቀርና ውሃው ከሥሩ ላለው ያልፋል። ባል ወይ ሚስት ይቆማል እንጂ ወኪል አይቆምም። አንድ አካፋ ለሁለት ቦይ አይሆንም ይላሉ ሸህ።

አምና ጎርፉ ሲመጣ ውዱ በጣቢያው የአረም ዘመቻ ላይ ነበር፤ ሀሊሜም ታማ ተኝታ ነበር። ተራው አለፈ። ከማሳው የገባው ማሽላ ቁና አይሞላም። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን እንዴት እንደወጡት ውዱ የሚያወራ አይመስልም፤ ብዙ የሚያወራ ሰው ያን አያወራም። ዘንድሮ ደግሞ የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነው። ማሽላው ጉልበት ደርሶ ውሃ ጠምቶት ቅጠሉን እንደ ገመድ ጠቅልሏል። ጎርፉ የሚመጣበትን ቀን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

ታረቀኝ ደግሞ ደንብ አወጣ፤ ፈቃድ የሚፈልግ ሠራተኛ ከሦስት ቀን በፊት በሦስት ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቅ።

«ጎርፍ በሦስት ቀን ቀጠሮ አይመጣም፣ ጓድ» አለው ውዱ። «ከተራራው ዳመና ካየን ሁለት ሰዓት ነው ያለን።»

«እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው።»

«ደህና። ደንቡን እናከብራለን።»

አከበሩት። በማግስቱ ጠዋት ውዱ ማመልከቻ አስገባ፤ «ከዛሬ ሦስት ቀን በኋላ ጎርፍ ቢመጣ ፈቃድ እንዲሰጠኝ» ይላል። በነጋታውም አስገባ። በነጋታው ሀጀራም አስገባች፤ የጻፈላት ውዱ ነው። ሹፌሩ ጌታሁን አስገባ፤ እሱ መሬትም የለው፣ «ከሦስት ቀን በኋላ ሊያመኝ ስለሚችል» ብሎ ነው። ዘበኛው በድረዲን አስገባ። በሳምንቱ አሥራ አንዱም በየጠዋቱ ከቢሮው ደጃፍ ወረቀት ይዘው ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ ሦስት ቅጂ፣ እያንዳንዱ ቅጂ «አልተፈቀደም» ተብሎ መፈረም አለበት፤ አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለዋናው ግቢ። በቀን ሠላሳ ሦስት ፊርማ። የጣቢያው የካርቦን ወረቀት አልቆ ከወልድያ መጣ። የታረቀኝ ጣት ሰማያዊ ሆኖ እጁን የታጠበበትን ውሃ የጠጣች ፍየል ሰማያዊ ግልገል ወለደች። ይህን ግልገል ያየ ሰው ግን ከውዱ በቀር አልተገኘም።

«ጓድ ታረቀኝ ደክሟቸዋል» አለች ሀጀራ አንድ ቀን ወረፋ ላይ ቆማ። «ትናንት በመብራት ሲፈርሙ አየኋቸው። አሳዘኑኝ።»

«ቅጽ ይሙሉ» አላት ውዱ።

ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ታረቀኝ ሁሉንም ለግምገማ ሰበሰበ። ሰማዩ ከቆቦ በላይ ጠርቶ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። ታረቀኝ ቁልል ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ጀመረ።

«እዚህ ጣቢያ ውስጥ የተደራጀ አድማ አለ» አለ።

ውዱ ግን ታረቀኝን አያይም። የሚያየው ከጀርባው በስተምዕራብ ያለውን ተራራ ነው። ተራራው ጥቁር ጋቢ ለብሷል፤ ከጋቢው ሥር መብረቁ ያለ ድምፅ ብልጭ ይላል። ሀጀራም አየች። በበሩ አጠገብ የቆመው በድረዲንም አየ።

«የዚህ አድማ ጠንሳሽ…» ብሎ ታረቀኝ ሲቀጥል፣ ከሮቢት በላይ ጥሩንባ ተነፋ። አንዱ ሲያቆም ቀረብ ያለው ተቀበለው። የላይኞቹ ገበሬዎች ለታችኞቹ ጎርፉ ወጣ የሚሉበት ነው።

ውዱ ተነሣ።

«ተቀመጥ፣ ጓድ ውዱ።»

«ጎርፍ መጥቷል፣ ጓድ።»

ታረቀኝ አንገቱን ቀና አድርጎ ከአናቱ በላይ ያለውን ሰማይ አየ። አንድ የዳመና ቅዳጅ የለም። «የምን ጎርፍ ነው? አንተ ሰው ስብሰባ ላይም ተረት ታመጣለህ?»

«የዛሬውን ማመልከቻ የዛሬ ሦስት ቀን አስገብቻለሁ። ከዚያ ቁልል ውስጥ አለ፣ ይፈልጉት። እኔ ሄድኩ።»

«ከዚያ በር ከወጣህ ተመልሰህ አትገባም። በድረዲን፣ በሩን ዝጋ።»

አሁን ሁሉም ወደ በድረዲን ዞረ፤ ከታረቀኝ በቀር የማያውቅ የለማ። ከውዱ ማሳ ሥር ያለው ማሳ የበድረዲን ነው። ሁለተኛው ተራ የእሱ ነው። ሚስቱ ዚነት ይህን ጊዜ አካፋዋን ይዛ ቦዩ ላይ ደርሳለች። በሩ ከተዘጋ የውዱ ውሃ ወደ በድረዲን ማሳ ይገባል። መዝጋት ደግሞ ታዟል፤ ቢዘጋ የሚወቅሰው ኃላፊ የለም።

በድረዲን ሰንሰለቱን በእጁ እንደያዘ ውዱ አጠገቡ ደረሰ።

«ዝጋ እንጂ» አለው ውዱ ዝግ ብሎ። «ታዘሃል። ዚነትም ትጠብቅሃለች።»

«አንተ ሰው፣ አፍህ እግርህን ያህል ቢሮጥ አይሻልም?» አለ በድረዲን። «በተራህ ላይ በር ዘግቼ የምበላውን ማሽላ ሆዴ ይቀበለዋል ወይ? ሂድ ወዲያ።» ሰንሰለቱን መሬት ላይ ጥሎ በሩን በእግሩ ገፋው።

ውዱ ሮጠ። እሱ ሲያወራው ከጥላው ቀድሞ ነው የደረሰ፤ ጥላው ሲደርስ እሱ አካፋውን ይዞ ቆሞ ነበር። እውነቱ ግን ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ተበጥሶ፣ እግሩን እሾህ ወግቶት፣ ቤቱ ደጃፍ አካፋ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ሀሊሜ ከውስጥ «ደረሰ?» ስትለው መልስ የሚሰጥ ትንፋሽ አጥቶ ነው። ሸህ ሙሀመድሰይድ ከቦዩ በላይ በትራቸውን ተክለው ቆመዋል። ውዱን ሲያዩ በትራቸውን ነቅለው አንድ እርምጃ ወደ ታች ወረዱ። ቆመሃል ማለታቸው ነው።

ታረቀኝ ውዱን ሊመልስ ጌታሁንን ጠርቶ የጣቢያውን ላንድሮቨር አስነሣው። በመንገድ ሲዞሩ ሩቅ ነው፤ በወንዙ ሆድ ግን ቅርብ ነው።

«በአሸዋው ግባ» አለ ታረቀኝ።

ጌታሁን ከወንዙ አፋፍ ላይ ሞተሩን አጠፋ። «አልገባም።»

«ደረቅ ነው እኮ። ዓይን የለህም?»

«ጓድ፣ ከፈለጉ እኔንም ያባሩኝ። ሐምሌ ላይ ይህን አሸዋ አልረግጥም።»

ታረቀኝ በሩን ከፍቶ በእግሩ ሊወርድ አንድ እግሩን አሸዋው ላይ አሳረፈ። ጌታሁን ክንዱን ጨብጦ ያዘው። ሲተናነቁ አንድ ድምፅ ሰሙ፤ መቶ ጋሪ በድንጋይ ላይ የሚነዳ ይመስላል። ከመታጠፊያው ላይ ቡናማ ግድግዳ መጣ፤ ከፊቱ ግንድ ይገፋል፣ ከላዩ የሣር ክዳን ከነምሰሶው ይጫወታል። ታረቀኝ እግሩን ያሳረፈበት አሸዋ ወዲያው ጠፋ። ሰማዩ አሁንም ጥርት ብሎ ነበር።

ጌታሁን ክንዱን ለቀቀው። «እዚህ አገር ዝናብና ውሃ አብረው አይመጡም» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ከአፋፉ ጋር ዞረው ማሳው ላይ ሲደርሱ ውዱ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር። ጎርፉ ከቦዩ አፍ ላይ የቆመውን የእሾህ አጥር እየገፋ፣ እሱም አጥሩን በጀርባው እየመለሰ፣ ባካፋው አፈር ይደፍንበታል። ከኋላው ውሃው ወደ ማሽላው መስመር እየተከፈለ ይገባል። ታረቀኝ ከመኪናው ወርዶ ቦዩ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ጓድ ውዱ። አሁን ውጣና ወደ ስብሰባው እንመለስ። በማስጠንቀቂያ አልፍሃለሁ።»

«ሸህ» አለ ውዱ ዞር ሳይል፣ «አሁን ብወጣ ምን ይሆናል?»

«ዚነት አለች» አሉ ሸህ ሙሀመድሰይድ። «ውሃው አያዝንም፣ ልጄ። ሕጉም አያዝንም።»

«ሰሙ፣ ጓድ?»

«ካልወጣህ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል። ሰው አለ፤ ምስክር አለ።»

ውዱ አካፋውን አፈሩ ላይ ተከለና ዞረ። ፊቱ ጭቃ ነው፤ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

«ጓድ ታረቀኝ፣ እርስዎ ልጅ አለዎት?»

ጌታሁን ከመኪናው ሳይወርድ መሪውን እያየ፣ «አራት ወሩ ነው። አዲስ አበባ ነው። አላዩትም» አለ።

«እርስዎን ከቤትዎ የሰረዘዎት ማን ነው?» አለ ውዱ።

«ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለ ታረቀኝ።

«እኔ አልሰረዝም» አለ ውዱ። «ስምንት ዓመት የእናንተን ማሽላ ለክቻለሁ፤ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። የአምናውን ውሃ ለእናንተ ትቻለሁ። ዘንድሮ ግን ይህ የልጄ ነው። ያሰናብቱኝ። ስንብቱን በሦስት ቅጂ ጽፈው ይላኩልኝ፤ አሁን ግን ከፊቴ ዞር ይበሉ፤ ጥላዎ ቦዩን ሸፈነብኝ።»

ማሳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማው። ዚነት መጎናጸፊያዋን አፏ ላይ ያዘች። ታረቀኝ ወደ መኪናው ተመለሰ። ውሃው እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገባ፤ የውዱ ማሳ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠግብ ሸህ በትራቸውን አንሥተው ለዚነት አሳለፉ።

የስንብት ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን መጣ። ውዱ አነበበው፤ አራት የፊደል ስሕተት አግኝቶ አርሞ መልሶ ላከው።

ከዚያ ወዲያ ጣቢያው ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ሁለተኛው ጎርፍ ሲመጣ ሀጀራ ወንፊቷን አስቀምጣ ወጣች፤ በሩ ክፍት ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ ሁለት ሰዎች ወጡ። ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው ቀረ፤ ዝም ብለው ይሄዳሉ፣ በማግስቱ ተመልሰው ሥራቸውን ይሠራሉ። ታረቀኝ አላሰናበታቸውም። ቢያሰናብት የሚቀረው እሱና ሣጥኑ ነው። የሙከራ ማሽላው ደግሞ ሳይለካ ሦስት ሳምንት አለፈው። የመስመሮቹን ቁጥር የያዙትን እንጨቶች ምስጥ ከበላቸው ቆይቷል፤ የትኛው መስመር የትኛው ዘር እንደሆነ የሚያውቀው ውዱ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢለካ፣ ደጋሊት የሚባለውን ዘር ጅጉርቲ ብሎ ለዋናው ግቢ ይልካል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ውዱ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ ማሽላውን ሺልሻሎ ያርሳል፤ ጠጥቶ የጠገበውን አፈር በመስመሩ መካከል እየከፈተ። ማሽላው ከራሱ በላይ ሆኗል። ሀሊሜ ልጁን ታቅፋ ጥላ ላይ ተቀምጣለች። ታረቀኝ በእግሩ መጣ፤ ጫማው ጭቃ ነው፣ ወረቀት አልያዘም።

«ሰላም አደርክ፣ ውዱ» አለ። ጓድ አላለውም።

«እንዴት አደሩ።» በሬዎቹን አላቆማቸውም።

«ሰኞ ብትመለስ ብዬ ነው። ጎርፍ የመጣ ዕለት ባለ ተራ ያለ ፈቃድ ይሄዳል፤ ለዋናው ግቢም ጽፌዋለሁ። መልስ አልመጣልኝም፤ ግን ጽፌዋለሁ።»

«ቤትስ?»

«ምን?»

«የቤቱ ሁለት ሰዓት። አራስ ላለችበት፣ ለታመመ፣ እናቱን ለሚጦር። የሀጀራ እናት ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሁለት ሰዓትም አይበቃት።»

«እሱን አልችልም። የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

«የማን ነው?»

«አላውቅም» አለ ታረቀኝ። «ይኼን ጠይቄ አላውቅም።»

«እንግዲያው ይጠይቁ። እኔ ሰኞ አልመጣም። ሺልሻሎው አላለቀም፣ ልጁም ስም አልወጣለት። ስምንት ዓመት እናንተ ስትጠሩኝ መጣሁ፤ አሁን ስጨርስ እመጣለሁ። እስከዚያ መስመሩን የነካ ሰው እንዳላገኝ።»

«መቼ ትጨርሳለህ ታዲያ?»

«እሱ በሬዎቹን ይጠይቁ» አለና ጅራፉን አነሣ። ሀሊሜ ሳቋን ልጁ ላይ ደበቀች።

በሬዎቹ መስመሩ ጫፍ ደርሰው ዞሩ። ውዱ ሞፈሩን አስተካክሎ ቀጣዩን መስመር ጀመረ፤ ማሽላው ከላዩ ተዘጋበትና በሬዎቹን ሲያዛቸው ድምፁ ብቻ ይሰማ ነበር። ታረቀኝ ሰዓቱን አየ፤ ከማሳው ዳር ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠና እስኪመለስ ጠበቀ።